ሦስት ወር የጠፋች

እህቶቼ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አርድ ኤል-ሊዋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እድራችን በሚሰበሰብባት ጠባብ ሳሎን ተቀምጠናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳና አንዲት እህታችን ገባች። ካየናት ስምንት ወር አልፏል። ከስታለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ "እንደምን ዋላችሁ" ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ነገሩን አወጣችው። ሐኪም ቀዶ ሕክምና አዞላታል፤ አሠሪዋ መታመሟን ስታውቅ የሁለት ወር ደመወዟን ሳትሰጥ አሰናብታታለች፤ እድሩ ለታመመ አባል የሚሰጠውን እንዲሰጣት ነው የመጣችው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ደብተሩን ገለጥኩ። ደንባችን "በተከታታይ ሦስት ወር ያልተገኘችና መዋጮ ያልከፈለች አባል ስሟ ይሰረዛል" ይላል። ስሟ ተራ ቁጥር 17 ላይ ነበር። ከአምስት ወር በፊት በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት እኔው ነኝ። ደንቡን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ማንም አልተናገረም። እሷ "ገባኝ" አለች። የቀረበላትን ቡና ጠጣች፣ ስኒውን መለሰች፣ አመስግና ወጣች። ሁለታችን ተከትለናት ደረጃው ላይ ከየቦርሳችን ያገኘነውን በእጇ አስጨበጥናት። ያ ግን ምጽዋት ነው። እሷ የመጣችው ለምጽዋት አልነበረም፤ አራት ዓመት ሙሉ የከፈለችበትን ልትጠይቅ ነበር።

ማታ ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለራሴ "ደንቡን አክብሬያለሁ፣ ለማንም አላዳላሁም፣ የሰው ገንዘብ አላባከንኩም" እላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ታዲያ ምን ነካኝ? ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመላለስብኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ ማኅበር ቃሉን የሚያጥፈው ሲለወጥ ነው ወይስ ሳይለወጥ ሲቀር?

ደንቡ ሲወጣ

ደንቡን ያወጣነው በ2015 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ካይሮ ላይ ደመወዛችንም ኪራያችንም የሚቆጠረው በዚያ ነው።) ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ተመላላሽ ነበርን። ጠዋት በሜትሮና በማይክሮባስ ወደ መዓዲ፣ ወደ ዛማሌክ ሄደን ማታ ወደየቤታችን እንመለሳለን። ዓርብ የሁላችንም የዕረፍት ቀን ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ያልመጣች ሴት ወይ ሰንፋለች ወይ ማኅበሩን ንቃለች ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ሲቸግራቸው ብቻ ብቅ የሚሉ አንዳንድ ሰዎች አስቸግረውን ነበርና "ሦስት ወር" የምትለውን አስገባን። ለዚያን ጊዜ ጥሩ ደንብ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም።

ከዚያ ኑሮው ተገለበጠ። ዕቃው ተወደደ፣ ኪራይ ናረ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ ሸሽቶ ወደዚህ ገባ። እነሱም እንደኛ ስደተኛ ናቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ነገር ግን እኛ በምንኖርባቸው ሰፈሮች ቤት ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ኪራዩን ያልቻለችው አዳሪ ሆና ገባች። አዳሪ ስትሆኚ ደግሞ የዕረፍት ቀንሽን የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም። አንዷ እሑድ ትወጣለች፣ አንዷ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ አንዷ ጭራሽ አትወጣም። ስልኳን ማዳም የምትይዝባት አለች። ፓስፖርቷ የተቆለፈባት አለች። ሕጉም አልደረሰላትም፤ በ2003 የወጣው የግብፅ የሥራ ሕግ ቁጥር 12 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጎ ነበር።

ያቺ እህታችን ስምንት ወር የጠፋችው በዚህ ምክንያት ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ በተሠራ አንድ ግቢ ውስጥ አዳሪ ገብታ ነበር። ስልኳን ወሰዱባት። በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር።

እስቲ አስቡት። በ2015 "ሦስት ወር" የምትለው ቃል የምትለካው ቸልተኝነትን ነበር። ዛሬ የምትለካው የአሠሪን ክፋት ሆኗል። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አልተነካችም፤ የምትቀጣው ሰው ግን ሌላ ነች። ድሮ የቀለደችብንን ትቀጣ ነበር፣ አሁን የተቆለፈባትን። እኔም "ምንም አልለወጥኩም" ብዬ እጄን ታጠብኩ። አለመለወጤ ራሱ ለውጥ እንደሆነ አልታየኝም።

አምስት ሺህ ጊኒ

ይኼ ነገር በገንዘብ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ገንዘብ አይዋሽምና።

አባል ስትሞት እድራችን ለቤተሰቧ አምስት ሺህ ጊኒ እንዲሰጥ ነው በ2015 የተወሰነው። ያን ጊዜ በባንክ ዋጋ አንድ ዶላር ዘጠኝ ጊኒ እንኳ አይሞላም፤ አምስት ሺህ ጊኒ ከ550 ዶላር በላይ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 2016 የግብፅ መንግሥት ጊኒውን ለገበያ ለቀቀው፤ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ 18 ጊኒ ገደማ ደረሰ። አምስት ሺሁ ወደ 280 ዶላር ወረደ። በ2023 መጀመሪያ ዶላሩ 30 ሲደርስ ወደ 165። ማርች 6 ቀን 2024 በአንድ ቀን ውስጥ ከ31 ወደ 50 ገደማ ሲዘል 100 ዶላር ቀረ።

በየስብሰባው "የሟች ክፍያ አምስት ሺህ፣ እንደነበረ" ብዬ በደብተር ጽፌያለሁ። "እንደነበረ"! እኛ ሳንነካው፣ ማንም ሳይሰርቀው፣ ቃላችን ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። አገር ቤት ያለች እናት ልጇን አጥታ መቶ ዶላር ሲደርሳት "እድሩ ቃሉን ጠበቀ" ትላለች? እኛ የጠበቅነው ቁጥሩን ነው።

ዕቁብም ላይ ያው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በየሕንጻው ያሉ ግብፃውያን ጎረቤቶቻችን ጋምዒያ የሚሉትም የእኛው ዕቁብ ዓይነት ነው። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን መጀመሪያ የወሰደችውም መጨረሻ የወሰደችውም እኩል ናቸው። ዋጋ ሲሮጥ ግን የመጀመሪያዋ ፍሪጅ ትገዛበታለች፣ የመጨረሻዋ የፍሪጁን በር። ዕጣው ትክክል ነው፣ ሰብሳቢዋ ታማኝ ናት፣ ሁሉም እኩል ከፍለዋል። ግን ፍትሕ የለም። ፍትሑን ያጠፋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘመኑ ሲሄድ ደንቡ መቀመጡ ነው።

እንግዲህ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ለውጥ ሲመጣ ሸክም ይዞ ይመጣል። ማኅበሩ ራሱን አስተካክሎ ሸክሙን ካልያዘው ሸክሙ የትም አይሄድም፤ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚወድቀው ስብሰባው ላይ በሌለችው ሴት ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እኛ ሃምሳ ሆነን ሃምሳውን ሎሚ ለአንዷ አሸከምናት።

ድንኳንና ቃል

"እድር እኮ የቀብር ነው፤ ከጥንት የመጣ ነው፤ አይነካም" የሚሉ አሉ። አገራችንን ስናስታውስ ግን እድር ያልተነካበት ዘመን የለም።

አዲስ አበባ ያደግን እናስታውሳለን። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤድስ ከተማውን ሲያጭድ፣ ድንኳኑ ከአንዱ ደጅ ሳይነሳ ለሌላው ይፈለግ ነበር። ለፋፊው ይነጋል አይመሽም ይዞራል። ለሽማግሌ ሞት የተሰላ መዋጮ ለወጣት ሞት አልበቃም። የእድሮች ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ በብዙ እድሮች ውስጥ ጥያቄ ተነሳ፦ ሰውዬው እስኪሞት ጠብቀን ድንኳን ከምንተክልለት፣ በሕይወቱ ሳለ ለምን አንደርስለትም? የሚቃወሙ ነበሩ፤ "የቀብር ገንዘብ ለቀብር ነው" አሉ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፤ ለበሽተኛ ከወጣ ለሟች ምን ይተርፋል? እንዲያም ሆኖ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። በ2020 ኮሮና መጥቶ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ ድንኳን ራሱ፣ የእድር መለያ የሆነው ድንኳን፣ የማይተከልበት ጊዜ መጣ። ሰው በስልክ አለቀሰ፣ በስልክ አጽናና። እድር ግን ቀረ አላልንም።

ከዚህ የምማረው አለ። እድር ሁለት ነገር አለው። አንዱ ዕቃው ነው፦ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው፣ የስብሰባው ቀን፣ አምስት ሺሁ። ሌላው ቃሉ ነው፦ በክፉ ቀን ብቻሽን አትሆኚም የሚለው። ዕቃው ቃሉን ለመጠበቅ የተገዛ ነው። ዘመን ሲለወጥ ዕቃውን ሙጭጭ ያለ ማኅበር ቃሉን ሊጥል ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ መጣሉን አለማወቁ ነው። ዕቃው እዚያው ስላለ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። እኔ ያን ዓርብ ዕቃውን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቃሉን በደረጃው ወርዶ ሲሄድ አየሁት።

መለወጥ ሁሉ ደግ አይደለም

እዚህ ላይ ብቆም ጽሑፌ ቀላል ይሆን ነበር፦ ተለዋወጡ፣ ዘመናዊ ሁኑ ብዬ። ግን እንደዚያ አይደለም።

ታህሪር አደባባይ ላይ ያለውን ትልቅ ሕንጻ፣ ሙጋማዓን፣ የማታውቅ የካይሮ ስደተኛ ጥቂት ናት። ለብዙ አሥርት ዓመታት የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቀው እዚያ ነበር። ግብፃውያን ራሳቸው እንዴት እንደሚያዩት ለማወቅ በ1992 የወጣውን፣ ዓዲል ኢማም የሠራበትን "አል-ኢርሃብ ወል-ከባብ" የሚለውን ፊልም ማየት ይበቃል። አንድ አባት ልጆቹን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ለማዛወር ሙጋማዓ ይመላለሳል፤ ፊርማ የሚሰጠውን ሰው ማግኘት አቅቶት መጨረሻው ጠመንጃ መያዝ ሆነ። ሕዝቡ የሳቀው ስለሚያውቀው ነው። ኋላ ሕንጻው ባዶ ተደርጎ ሆቴል እንዲሆን ተወሰነ፤ ፈቃዱም ወደ ዓባሲያ ሄዷል። የቢሮ አድራሻ መቀየር ቀላል ነው። ወረፋ የምትጠብቀው ሴት የምታየው ግን አድራሻውን አይደለም፤ ተራዋ መድረሱን፣ የሚያናግራት ሰው እንደ ሰው ማናገሩን ነው።

ሌላው የራሴ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ለችግረኛ ይደርሳል። ድሮ በሩ ላይ ወረፋ ይዘን እንገባ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ በዚያ ላይ የአንድ ቀን ደመወዝ ይቀራል። ኮሮና ሲመጣ በሩ ተዘጋና ሁሉ ነገር በስልክ ሆነ። ኮሮና ሄደ፣ ስልኩ ቀረ። ለብዙዎች ጥሩ ሆነ፤ ከዐይን ሸምስ ወይም ከሐይ ዓሽር ልጅ አዝላ ሁለት ማይክሮባስ የምትቀያይረው እናት ተገላገለች። ለእኔ ግን በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። ስልኩ የሚሠራው እኔ ሥራ ላይ ባለሁበት ሰዓት ነው። ማዳም አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ማዳም ችግሬን እንዴት እናገራለሁ? ስልክ የተወሰደባትማ ጭራሽ የለችም።

ልብ በሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ሰነፍ አልነበረም። ከጊዜው ጋር ተራምዷል። ወረፋው ጠፍቷል፣ ሠራተኞቹ ብዙ ሰው ያስተናግዳሉ። ከወረፋው ጋር የጠፋችውን ሴት ግን ማንም አልቆጠራትም፤ ያልደወለች ሴት መዝገብ ላይ አትወጣምና። በሩ ላይ ብትቀመጥ ኖሮ ቢያንስ ዘበኛው ያያት ነበር።

እና ለውጥ በራሱ በጎነት አይደለም። ደንቡን ያልለወጠው የእኔ እድርና አሠራሩን የለወጠው ያ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሠሩት። ሁለቱም ሲወስኑ ዓይናቸው ያረፈው ፊታቸው ባለው ሰው ላይ ነው። እኛ ዓርብ የምትመጣውን አየን፣ እነሱ የምትደውለውን አዩ። ስለዚህ አንድ ማኅበር ተለወጠ ወይስ አልተለወጠ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። የምጠይቀው ይኼን ነው፦ ስትወስኑ መምጣት የማትችለዋን አሰባችኋት?

የእትዬ ክርክር

በሚቀጥለው ስብሰባ ደንቡ ይሻሻል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። እትዬ የምንላቸው እናታችን፣ ከሁላችን በፊት ካይሮ የገቡት፣ እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ዛሬ ለእሷ ካጠፍሽው ነገ ለጓደኛሽ ታጥፊዋለሽ። ከነገ ወዲያ የሚታጠፍለት የሚጮኽ ሰው ነው። ደንብ ማለት ጓደኛ የሌላት ሴት ጓደኛ ነው።"

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ሁላችንም ያየነው ነገር ነው፤ ደንብ የሌለው ማኅበር የሰብሳቢዋና የጓደኞቿ ይሆናል። አፍ ያላት ታገኛለች፣ ዓይነ አፋሯ ትቀራለች። ብዙ የስደተኛ ማኅበር የፈረሰው በዚህ ነው፤ ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን እምነት ጠፍቶ።

"እትዬ፣ እውነትዎን ነው" አልኳቸው። "ግን ያን ቀን ጓደኛ ያልነበራት እሷ አልነበረችም እንዴ? ደንቡ የማን ጓደኛ ሆነ?"

እትዬ ወዲያው አልመለሱልኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉና "እሱንስ እኔም አስቤዋለሁ" አሉ። "ግን በድብቅ ስሟን መልሰሽ ብትጽፊ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምከስሽ። ደንብ ይታጠፍ አትበይ። ይለወጥ በይ፤ በፀሐይ፣ ሁሉም ባለበት።"

ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማጠፍና መለወጥ አንድ አይደሉም። ማጠፍ ለአንድ ሰው ነው፣ በጓዳ ነው፣ ነገ ለሌላው ላይደገም ይችላል። መለወጥ እንደሷ ለሆነች ሁሉ ነው፣ በአደባባይ ነው፣ ተጽፎ ይቀመጣል። ያን ዓርብ ለእሷ ብቻ ባጥፈው ኖሮ አንዲት ሴት ጠቅሜ ማኅበሩን እጎዳ ነበር። ኃጢአቴ ያን ቀን ደንቡን ማንበቤ አይደለም። ኃጢአቴ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት፣ እህቶቼ አንድ በአንድ አዳሪ ሲገቡ እያየሁ፣ ደንቡን ለማሻሻል አንድም ቀን አፌን አለመክፈቴ ነው።

"ከተነካ ይፈርሳል" ለሚሉት ደግሞ ከራሷ ከካይሮ አንድ ታሪክ አለ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ልታውቁት የሚገባ የሁለቱ አገሮች ታሪክ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚላክላት ከግብፅ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጳጳስ ለዚያ ሁሉ አገር። እሳቸው ሲያርፉ መልእክተኛ ገንዘብና ስጦታ ይዞ በረሃና ባሕር አቋርጦ ወደ ካይሮ ይመጣል። ሌላ እስኪላክ ድረስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። አቡነ ሰላማ በ1841 ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይቷል። ከጳጳሱ ርቆ ላለ ገበሬ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሰው ጳጳስ መሾም አይችሉም የሚል ጥንታዊ ደንብ ነበር፤ ቢነካ ሁሉ ነገር የሚናድ ይመስል ነበር። በ1929 የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ። በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1959 እዚሁ ካይሮ ላይ፣ በግብፁ ፓትርያርክ እጅ፣ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ንግግሩ ረጅም ነበር፣ መራራም ነበር። ግን ደንቡ የተለወጠው ሁለቱም ወገን ተስማምተው በአደባባይ ስለሆነ ቤቱ አልፈረሰም። ካህን ለሚጠብቀው ገበሬም መንገዱ አጠረለት።

ከዚያ የበለጠ የዘገየም አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1919 ተቋቁሞ ስለ ቤት ሠራተኞች ብቻ የሚናገረውን ስምምነት ቁጥር 189ን ያወጣው በ2011 ነው፤ ዘጠና ሁለት ዓመት። ያን ሁሉ ጊዜ ምግብ የሚያበስል፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነበረ፤ የጠፋው እሷን ሠራተኛ ብሎ የሚቆጥራት ነው። ግብፅ እስካሁን ስምምነቱን አላጸደቀችም። ትልልቆቹ እንዲህ ሲዘገዩ የእኛ ትንንሽ ማኅበሮች ለመዘግየት አቅም የላቸውም። የእኛ እድር ከዘገየ ከእሱ ቀጥሎ የሚደርስልን የለም።

ያደረግነው

ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። ተጨቃጨቅን፤ አንድ ጊዜ ቡናው ሳይጠጣ ተበተንን። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ይኼ ነው።

"ሦስት ወር የጠፋች አባል ስሟ ይሰረዛል" የሚለው "ሦስት ወር የጠፋች አባል ትፈለጋለች" በሚል ተተካ። ሦስት ወሩ ያው ሦስት ወር ነው። ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ ይደውላሉ፣ የመጨረሻ አድራሻዋ ድረስ ይሄዳሉ፣ በዋቡን ይጠይቃሉ፣ አብራት የሠራችውን ይጠይቃሉ። ተገኝታ "አልፈልግም" ካለች ያን ጊዜ ትሰረዛለች። መክፈል ያልቻለችበት ምክንያት ከእሷ አቅም በላይ ከሆነ ያልተከፈለው ይጻፍና ስትችል ትከፍላለች።

ስብሰባው አንድ ወር ዓርብ፣ አንድ ወር እሑድ ሆነ። መዋጮ የቻለች በቮዳፎን ካሽ ትልካለች፤ ያልቻለች በሰው እጅ ትልካለች። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ስልክ መጣ ብለን በሩን አንዘጋም። የሟችና የበሽተኛ ክፍያ ደግሞ በየዓመቱ ጥር ላይ እንደገና ይሰላል። "እንደነበረ" የምትለዋ ቃል ከደብተሩ ወጥታለች።

ነጻ አይደለም፤ ዋጋ አስከፍሎናል። መዋጮው ጨምሯል። ሁለት አባሎች "በዛ" ብለው ወጥተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ፍለጋውም ከባድ ነው። የሥራ ቀን ቀርቶብን በር ላይ ቆመን የተሰደብንበት ቀን አለ። እስካሁን አራት እህቶችን ፈልገናል። አንዷ አገሯ ገብታ በሰላም አለች። አንዷ ሌላ እድር ገብታለች፣ ደስ ብሎናል። አንዷን ስናገኛት ሦስት ወር ሙሉ ከግቢ አልወጣችም ነበር፤ ሁለት ሴት በር ላይ መጥታ መጠየቋን አሠሪዋ ስታይ "ሰው አላት ለካ" ብላ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ በአሥራ አምስት ቀን እንድትወጣ ፈቅዳላታለች።

አራተኛዋ ተራ ቁጥር 17 ናት። ስልኳ አይሠራም። ትኖርበት የነበረው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ቀዶ ሕክምናውን ሠርታ እንደሆነ፣ ካይሮ ውስጥ ትሁን ወይም ወጥታ ትሁን፣ ያየ ሰው አላገኘንም። እትዬ አሁንም በሄዱበት ሁሉ ይጠይቃሉ።

እህቶቼ፣ ማኅበር ያላችሁ፣ ዕቁብ ያላችሁ፣ በአንድ ክፍል ተሰብስባችሁ ጸሎትም ይሁን ቡና ያላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሩን ስትገልጡ ከመጡት በፊት ያልመጡትን ጥሩ። ከዚያ ደንባችሁን አንድ በአንድ አንብቡና "ይኼ ሲጻፍ የነበረው ኑሮ አሁንም አለ?" ብላችሁ ተጠያየቁ። ከሌለ፣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሳይጠይቃችሁ በፊት ለውጡት። ሰው ከመጣ በኋላ እንደ እኔ ማንበብ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

አንቺም እህቴ፣ ይኼ መጽሔት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ቀን እጅሽ ከገባ፣ ስምሽን አልጻፍኩም፣ አንቺ ግን ራስሽን ታውቂያለሽ። ቀዩን መስመር ማጥፋት አልቻልኩም፤ ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ ገብቷል። ከሥሩ ግን ስምሽን እንደገና ጽፌዋለሁ፤ ሁሉም ባሉበት፣ በስብሰባ ተወስኖ። የበሽተኛ ክፍያሽ በገንዘብ ያዥ እጅ ተቀምጧል፣ አልተነካም። ዓርብ ባይመችሽ እሑድ ነይ። መምጣት ካልቻልሽ ያለሽበትን ብቻ በሰው ላኪብን፤ እኛ እንመጣለን።